ከአንድ መጽሐፍ ወደ ሌላው፦ ተወዳጅ ደራስያንን በየዘውጉ እንዴት እናግኝ?

በአማርኛ መጻሕፍት ገበያ የትኛው መጽሐፍ ስንት እንደተሸጠ በየሳምንቱ የሚነግር፣ ሁሉም አምኖ የሚቀበለው ዝርዝር የለም። «ሰው አሁን ምን እያነበበ ነው?» የሚል አንባቢ መልሱን ከምልክቶች መልቀም አለበት፤ መጽሐፉ ስንተኛ እትም ላይ እንደደረሰ፣ አዟሪው በክንዱ ላይ ምን እንደደረደረ፣ በሬዲዮ የቱ እንደሚተረክ፣ በኪራይ ከሚዞሩት የትኛው ሽፋኑ እንዳለቀ። ይህን ማየት የለመደ ሰው ታዋቂውን መጽሐፍ ማግኘት አይቸግረውም። የሚቸግረው ከለመደው ዘውግ መውጣት ነው። ልብ ወለድ ብቻ የሚያነብ ሰው የግጥም መደርደሪያ ፊት አይቆምም፤ ታሪክ ወዳዱም ተውኔት ገዝቶ አያውቅም። ስለዚህ እዚህ የመቶ መጻሕፍት ዝርዝር አልሰጥዎትም። አንድ የወደዱትን መጽሐፍ ይዘው ቀጣዩን ራስዎ የሚያገኙበትን አካሄድ ላሳይዎት እፈልጋለሁ፤ በሰው ዝርዝር የተገዛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሳያልቅ ይቀመጣልና።

ለምን እንደወደዱት ይጻፉ

በቅርቡ ካነበቧቸው መካከል ከእጅዎ ሳያወጡ የጨረሱትን አንድ መጽሐፍ ይምረጡ። ከዚያ የያዘዎትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። «ጥሩ ነበር» የሚለው አይበቃም፤ ምኑ?

ፍቅር እስከ መቃብርን እንውሰድ። ሀዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬም አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ሁሉም የሚወደው በአንድ ምክንያት አይደለም። አንዱን የያዘው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ሌላው ለጉዱ ካሣ ሲል ደጋግሞ ያነበዋል። ሦስተኛው የጎጃምን ባላባት ቤት፣ ሥርዓቱንና አነጋገሩን ፈልጎ ነው። አራተኛው ገጹን ገልጦ እንኳ አያውቅም፤ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶት ነው የወደደው።

አራቱም ቀጥሎ የሚወስዱት መንገድ ይለያያል። ጉዱ ካሣን የወደደ ሰው የሚፈልገው ሥርዓቱን የሚሞግት ጽሑፍ ነውና ወደ አቤ ጉበኛ አልወለድም፣ ከዚያም በ1962 ዓ.ም. ወደ ታተመው የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ይሂድ። አደፍርስ ግን ጥድፊያ አይወድም፤ አነጋገሩ ብዙ ነው፣ ተራኪው እጅ ይዞ አይመራም። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች በዝግታ ካላነበቡት ሳይገባዎ ይዘጉታል፤ ከታገሡት ደግሞ በአማርኛ እንዲህም ይጻፋል ወይ ያሰኝዎታል። የሀዲስን አማርኛ የወደደ ሰው የራሳቸውን የልም እዣት፣ ቀጥሎ ትዝታን ያንብብ። ትዝታ ልብ ወለድ አይደለም፤ ደራሲው በጣልያን ወረራ ዘመን ያዩትንና በግዞት ያሳለፉትን የሚተርኩበት ነው። ይህ ሰው እንግዲህ ሳይከብደው ወደ ግለ ታሪክ ተሻገረ። ወደ ድምፁ ወዳድ በኋላ እመለሳለሁ።

የደራሲውን ባልንጀሮች ይከተሉ

ደራስያን ብቻቸውን አይጽፉም። ይተዋወቃሉ፣ ይሟገታሉ፣ አንዱ በሌላው ድርሰት ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይገኛል። ደራሲው የተባለው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እንደተቀዳ በሰፊው ይነገራል። ስለዚህ ከአድማስ ባሻገርን አንብበው በዓሉን ከወደዱት ቀጥሎ ደራሲውን፣ ከዚያ የራሱን የስብሐትን ሌቱም አይነጋልኝን ያንሡ። ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የአንድ ዘመን አዲስ አበባን ከሁለት ዓይን ያያል። ሌቱም አይነጋልኝ በሳንሱር ምክንያት ከተጻፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው አንባቢ እጅ የገባው፤ ስለ አዲስ አበባው የመሸታ ሰፈር ስለ ውቤ በረሃ ሕይወት የሚናገረው ሳይሸፍን ነውና ይህን ዐውቀው ይክፈቱት።

ኦሮማይን ለመጨረሻ ያቆዩ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው ይህ ልብ ወለድ ኤርትራ ውስጥ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ የሚያሳይ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የበዓሉን ቀደምት ሥራዎች ካነበቡ በኋላ ኦሮማይን ሲይዙ፣ ቋንቋው ምን ያህል እንደፈጠነና ድፍረቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይታይዎታል።

ከስብሐት ደግሞ ወደ ወግ መሻገር ይቻላል። በመጽሔትና በጋዜጣ የጻፋቸው እግረ መንገድ በተባለው መጽሐፍ ተሰብስበዋል፤ አጫጭር ናቸው፣ ታክሲ ውስጥ ይነበባሉ። እነዚያን የወደደ ሰው የመስፍን ሀብተ ማርያምን የቡና ቤት ሥዕሎች ይፈልግ፤ ከዚያ በዕውቀቱ ስዩም አለ፤ ወግም፣ ግጥምም፣ ልብ ወለድም የሚጽፍ በመሆኑ ከአንዱ ዘውግ ወደ ሌላው ለመሻገር ከእሱ የተሻለ ድልድይ ማግኘት ይከብዳል።

ባልንጀሮቹን የት እናገኛቸዋለን? መጽሐፉ ውስጥ። ብዙ አንባቢ የሚዘላቸውን መቅድም፣ ምስጋናና መታሰቢያ ያንብቡ። ረቂቁን ማን እንዳነበበለት፣ ማን እንዳረመለት፣ ለማን መታሰቢያ እንዳደረገው እዚያ ተጽፏል። ስሞቹን በማስታወሻ ይያዙ። በተለያዩ መጻሕፍት ሁለቴ ሦስቴ የተደጋገመ ስም ካገኙ የዚያን ሰው ሥራ ይፈልጉ።

አንድ ጉዳይ ይዘው ዘውጉን ይለውጡ

ከሁሉም አብልጬ የምመክረው ይህን ነው። ዘውግ መቀየር የሚያስፈራው ርእሱም፣ አጻጻፉም፣ ደራሲውም በአንድ ጊዜ እንግዳ ሲሆኑ ነው። ጉዳዩ የሚያውቁት ከሆነ ግን አዲስ የሚሆንብዎት አጻጻፉ ብቻ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስን ይውሰዱ። ታሪክ ወዳድ ከሆኑ በጳውሎስ ኞኞ አጤ ቴዎድሮስ ይጀምሩ። ጳውሎስ ጋዜጠኛ ነበረ፤ በአዲስ ዘመን «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዐምዱ አገር ያወቀው ሰው ነውና አጻጻፉ ቀላልና ቅርብ ነው። ጠለቅ ያለ ሲፈልጉ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት ብለው የጻፉት አለ። ከዚህ በኋላ ልብ ወለድ ባያነቡም እንኳ የአቤ ጉበኛን አንድ ለናቱ ይክፈቱ። የጦር ሜዳዎቹን፣ ሰዎቹን፣ የመቅደላን መጨረሻ አስቀድመው ስለሚያውቁ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብለው አይጨነቁም፤ ደራሲው ከታሪኩ ምን እንደጨመረ፣ ምን እንደተወ ማየት ይችላሉ። የብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ እንባ እና የታንጉት ምሥጢር በዚያው ዘመን የቆሙ ናቸው፤ የታንጉት ምሥጢር ስለ ፍቅር ስለሆነ ከታሪክ መጽሐፍ የማይገኘውን የተራውን ሰው ኑሮ ያቀርብልዎታል።

ከዚያ ወደ መድረክ ይሻገሩ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለ ንጉሡ ተውኔት ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እንዲሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የአንዱን ንጉሥ አነጋገር ሁለት ጸሐፊ እንዴት እንደሚቀርጸው ያያል። የግርማቸው አባት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ደግሞ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የፋቡላ ደራሲ ናቸው፤ የሕይወት ታሪካቸውም ታትሟል። እንግዲህ ከቴዎድሮስ ተነሥተን ሳናስበው የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደረስን።

ትዕግሥት ያለው አንባቢ በመጨረሻ ወደ ምንጩ ይውረድ፤ ደብተራ ዘነብ በንጉሡ ዘመን በአማርኛ የጻፉት ዜና መዋዕል አለ። ከዚያ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበርና፣ አማርኛ ስድ ንባብ እንዴት አፉን እንደፈታ በዚህ ጽሑፍ ይታያል።

ይኸው ዘዴ ለሌላም ይሠራል። ዓድዋን፣ የአምስት ዓመቱን የአርበኞች ተጋድሎ፣ ወይም የትውልድ ቦታዎን ይዘው ይሞክሩት። ለአብዮቱ ዘመን ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በአንድ መጽሐፍ ብቻ አይርኩ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ስለሆነው ነገር የጻፉት አብዛኞቹ የነገሩ ተሳታፊዎች ናቸው። ክፍሉ ታደሰ ያ ትውልድ ብሎ በሦስት ቅጽ የጻፈው ከኢሕአፓ ወገን ነው። አንዳርጋቸው አሰግድ በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ ያለው የሌላውን ፓርቲ፣ የመኢሶንን፣ ታሪክ ነው። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ እኛና አብዮቱን የጻፉት በደርግ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰው ሆነው ነው። ሕይወት ተፈራ በማማ በሰማይ የአንዲት ወጣት ታጋይን ፍቅርና እስር ትተርካለች። ቢያንስ ሁለቱን፣ ከተቃራኒ ወገን መርጠው፣ በተከታታይ ያንብቡ። ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ስብሰባ ሁለቱ የሚሉትን በወረቀት ላይ ትይዩ ይጻፉ። የሚስማሙበት ቦታ ጠቃሚ ነው፤ አንዱ አስፍቶ የጻፈውን ሌላው ዝም ብሎ ያለፈበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ከዚያ የብርሃኑ ዘሪሁንን ማዕበል ቢያነቡ፣ የአብዮቱን ዋዜማና የወሎን ረኀብ በልብ ወለድ ሲያገኙት ከቃለ ጉባኤና ከክርክር ያጡትን የሰው ፊት ያገኛሉ።

መደርደሪያው ፊት ሲቆሙ

ለገሃር አካባቢ ካሉት መደብሮችም ይሁን ከመርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች፣ መጽሐፉን ሲያነሡ መጀመሪያ የርእሱን ገጽ ጀርባ ይመልከቱ። የታተመበት ዓመትና የእትሙ ቁጥር እዚያ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስተኛ እትም የደረሰ መጽሐፍ ሰው እየፈለገው ነው ማለት ነው። ሆኖም በእያንዳንዱ እትም ስንት ቅጂ እንደወጣ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። ከዚህ የሚበልጠው ምልክት ዕድሜ ነው፤ ከወጣ ሠላሳና አርባ ዓመት ሆኖት ዛሬም አዲስ የሚታተም መጽሐፍ ወላጆች ለልጆቻቸው ያቀበሉት ነው።

በጀርባ ሽፋን ያለው ምስጋና የወዳጅ ቃል መሆኑን ያስታውሱ። ከእሱ ይልቅ ሁለት ቦታ ይግለጡ፦ የመጀመሪያውን ገጽ፣ ከዚያ መሀል አካባቢ ሰዎች የሚነጋገሩበትን አንድ ገጽ። ንግግሩ ላይ ይቆዩ። የገበሬው፣ የተማሪውና የባለሥልጣኑ አንደበት አንድ ዓይነት ከሆነ መጽሐፉ ቢታወቅም ይመልሱት።

አዟሪውን ያነጋግሩ። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ስለሚዞር የማይሸጥ መጽሐፍ በክንዱ ላይ አይይዝም፤ የያዘው ሁሉ የዚያ ሳምንት ገበያ ነው። «የቱ ጥሩ ነው?» ከማለት «ይህን የወሰዱ ሰዎች ተመልሰው ምን ጠየቁ?» ይበሉት። ሁለተኛው ጥያቄ አንባቢዎች ራሳቸው የሄዱበትን መንገድ ያሳያል።

ልብ አንጠልጣዩን አይናቁ

የስለላ፣ የወንጀልና የምሥጢር መጻሕፍት ብዙ ሰው ንባብ የጀመረባቸው ናቸው። ማሞ ውድነህ በስለላ ታሪኮች፣ ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለአንድ ትውልድ የንባብ ፍቅር አሳድረዋል። ይስማዕከ ወርቁ በዴርቶጋዳ ያንኑ ለሚቀጥለው ትውልድ አደረገ። ዓለማየሁ ዋሴ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚያጠኑ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው፤ እመጓ፣ ዝጎራና መርበብት ውስጥ ያለው የገዳማት መንገድና ተራራ ያን ያህል በዓይን የሚታየው ለዚህ ይመስለኛል። ምህረት ደበበ የአእምሮ ሐኪም ናቸው፤ የተቆለፈበት ቁልፍም ከዚያ ሙያ የወጣ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ምን ሠርቶ እንደሚኖር ማወቅ ቀጣዩን ንባብ ይጠቁማል። እመጓን የወደደ ወደ ጉዞ ማስታወሻና ወደ ገዳማት ታሪክ፣ የተቆለፈበት ቁልፍን የወደደ ስለ ሥነ ልቡና ወደተጻፉ መጻሕፍት መሻገር ይችላል። ጥንታዊ ብራናና የተደበቀ ምሥጢር የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ግን እንደ ታሪክ ማስረጃ አይጥቀሱ፤ ያስገረመዎትን ነገር በታሪክ መጽሐፍ ያረጋግጡ።

ከልብ አንጠልጣዩ ወደ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ መሻገር ከፈለጉ አዳም ረታ አለ፤ እሱን ካልሞከሩት ግን በወፍራሙ የስንብት ቀለማት አይጀምሩ። ከአጫጭሮቹ፣ ከማሕሌት ወይም ከአለንጋና ምስር ይነሡ፣ ወደ ግራጫ ቃጭሎች ይለፉ፣ ትልቁን ከዚያ በኋላ ይያዙ። አጭር ልብ ወለድ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ከፈለጉ በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የታደሰ ሊበንን መስከረም ይፈልጉ።

ዝናው የሸፈናቸውን ይፈልጉ

ምልክት እየተከተሉ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ የሴት ደራስያንን ሥራ ሳያገኙ ብዙ ዓመት ሊያነብቡ ይችላሉ። ይህ የሥራው ማነስ ያመጣው አይመስለኝም፤ በድጋሚ የሚታተመው፣ በሬዲዮ የሚተረከውና በትምህርት ቤት የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የወንዶቹ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሆን ብለው ይፈልጉ። ስንዱ ገብሩ የልቤ መጽሐፍን ጽፈዋል፤ ጋዜጠኛዋ ሮማነወርቅ ካሣሁን ትዳር በዘዴን። ጸሐይ መላኩ አንጉዝና ቋሳ የተባሉ ልብ ወለዶች አሏት። ከበደች ተክለአብ በሶማሊያ እስር ቤት ብዙ ዓመት አሳልፋ የወጣች ሠዓሊና ገጣሚ ናት፤ የት ነው? የሚለው መድበሏ እያንዳንዱ የግጥም አንባቢ መደርደሪያ ላይ ሊኖር የሚገባ ነው። እነዚህን አዟሪ ክንድ ላይ ላያገኙ ይችላሉ፤ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ የመጽሐፉን ስምና ስልክዎን ጽፈው ትተው ይሂዱ፣ ሲያገኝ ይደውልልዎታል።

ግጥምና ተውኔት በጆሮ ይጀምራሉ

በወጋየሁ ድምፅ ፍቅር እስከ መቃብርን የወደደው ሰው ወደ ግጥም ለመግባት ከሁሉም ቅርብ ነው። ግጥም ለማንበብ የሚቸገሩ ከሆነ መድበሉን ከመግዛትዎ በፊት ይስሙ፤ አዲስ አበባ ላሉ ጦቢያ ግጥም በጃዝን የመሳሰሉ መድረኮች አሉ፣ ለሌላውም የሬዲዮ ትረካና የተቀዱ ንባቦች ሞልተዋል። ከዚያ የጸጋዬን እሳት ወይ አበባ፣ የደበበ ሰይፉን የብርሃን ፍቅር፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታን መንገድ ስጡኝ ሰፊ አንድ በአንድ፣ በቀን ከሁለት ግጥም ሳያልፉ ጮክ ብለው ያንብቡ። የጸጋዬን ቤት በለሆሳስ ካነበቡት ግማሹን ያጡታል። ተውኔትም እንዲሁ ነው፤ ሐምሌትንና ኦቴሎን በእሱ አማርኛ ከቤተሰብ ጋር ክፍል ተከፋፍለው ቢያነብቡት ሼክስፒር የሩቅ አገር ሰው መሆኑ ይረሳዎታል።

ስለ ትርጉም ካነሣን፣ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ታላቅ ልብ ወለድ ነገም ሌላ ቀን ነው ብሎ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው። ተርጓሚ እንደ ደራሲ በስሙ ይፈለግ፤ የአንድን ተርጓሚ እጅ ከወደዱ የተረጎመውን ሁሉ ይከታተሉ።

ገበያ ላይ የጠፋውን የት?

ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በአገር ውስጥ ከሚታተመው በሕግ ቅጂ ስለሚደርሰው ሌላ ቦታ ያጡትን መጀመሪያ እዚያ ይጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለመቀመጥና ለማንበብ ምቹ ነው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለቆዩ ኅትመቶች ይሻላል። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሌላ ሀብትም አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ አማርኛ ልብ ወለድና ግጥም የሠሯቸው የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር በነፃ ይገኛሉ። መጨረሻቸው ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር ብቻ ቢያዩ እንኳ በአንድ ጉዳይ የተጻፉ ልብ ወለዶችን በአንድ ቦታ ያገኛሉ።

በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ፈታኝ ነው። የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ከመሆኑም በላይ፣ ብዙ የአማርኛ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ አውጥቶ፣ አንዳንዴም ተበድሮ ነው። የመጀመሪያው እትም ወጪውን ካልመለሰ ሁለተኛው መጽሐፍ አይጻፍም። መግዛት ካልቻሉ ይከራዩ፣ ከቤተ መጻሕፍት ይዋሱ፣ ወይም በክፍያ በስልክ የሚያስነብቡና የሚያስደምጡትን መተግበሪያዎች ይጠቀሙ።

አሜሪካ ያላችሁ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት በናይሮቢ ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን መጻሕፍት ሲሰበስብ ብዙ ዐሥርት ዓመታት እንዳስቆጠረ ልብ በሉ። በካታሎጉ ስትፈልጉ የኢትዮጵያ ደራስያን የሚገቡት በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም፤ በዓሉን በ«ግርማ» አትፈልጉት። ፊደል ለማያነብ ልጅ ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦሮማይ የእንግሊዝኛ ትርጉምና በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ የገባው የማዛ መንግሥቴ ልብ ወለድ በማንኛውም መጽሐፍ መደብር ሊታዘዙ ይችላሉ። የማዛ መጽሐፍ በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለተዋጉ ሴቶች ነው፤ ልጁ ከጨረሰው በኋላ ከሀዲስ ዓለማየሁ ትዝታ ስለዚያው ጦርነት የሚናገረውን ምዕራፍ እናት ወይም አባት በአማርኛ ያንብቡለት።